መልሕቅ ከጣልን በኋላ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሲጓዙ የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ትገኛለች። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ስለተቆረቆረች ወደቧ በሸራ ጀልባዎች የተሞላ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ያገለገለች ጀልባ ገዝቶ ነበርና፣ በነሐሴ ወር ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «አንድ ሌሊት ውኃ ላይ ላሳድራችሁ» አለን። ባለቤቴ፣ እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጃችን በደስታ ተሳፈርን።

ወደ ደቡብ ስንጓዝ እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራውን የቶማስ ፖይንት የመርከብ ማመላከቻ መብራት ቤት አለፍን። ባለ ስድስት ጎኑ ቤት በብረት እግሮች ላይ ከባሕሩ መካከል ቆሞ ሲያዩት ያስደንቃል። አመሻሹ ላይ ሮድ ወደሚባለው ጸጥተኛ ወንዝ ገብተን መልሕቅ ጣልን። ዙሪያው ጫካ ነው። ወበቁ ግን አያድርስ!

ባለቤቴ «ጋሼ» ስለምትለው እኔም ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ የጀልባዋ ባትሪ ለማቀዝቀዣ ስለማይበቃ ከጎረቤቱ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ተውሶ ነበር። ከጀልባዋ ኋላ አስቀምጦ ሽቦውን በበሩ ክፍተት ወደ መኝታችን አስገባ።

«ጋሼ፣ ጭሱ አያስቸግረንም?» አልኩት።

«መልሕቁ የታሰረው ከፊት ነው፤ ስለዚህ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋስ ታዞራለች። ጭሱ ወደ ኋላ ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ልጃችን «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ፤ ያቅለሸልሸኛል» አለች። እናቷ ባሕሩ አዙሯት ነው ብላ አቀፈቻት። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ላይ ያለችው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ጮኸች። ጋሼ ብድግ ብሎ «ሁላችሁም ወደ ውጭ!» አለ። ልጄን ተሸክሜ ወጣሁ፤ እርሱም ጄኔሬተሩን አጥፍቶ በስልክ እርዳታ ጠራ። በጀልባ መጥተው ወሰዱን። ሐኪም ቤት ደሟ ተመርምሮ ኦክስጅን ተሰጣት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲነጋ ደኅና ሆነች።

ምን ነበር የሆነው? የቼሳፒክ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። እኛ ተኝተን ሳለ ነፋሱ ደከመ፤ የውኃውም ፍሰት ተገልብጦ ጀልባዋን አዞራት። ያ ቀስ ያለ ነፋስ ከኋላ እየመጣ ጭሱን ሽቦው ባለፈበት ክፍተት ወደ መኝታችን ይነዳው ጀመር።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። አገር ቤት ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው የተኙትን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በጀልባ ላይ ደግሞ ምልክቱ የባሕር ሕመም ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሪዞናና በዩታ ወሰን በሚገኘው በፓወል ሐይቅ ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን የገደለው እርሱ ነው፤ ያውም ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ የጄኔሬተር ጭስ በሚወጣበት በጀልባ ኋላ ሲዋኙ ነበር።

የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል፣ እንዲርቅ ይመክራል። የጋሼ ጀልባ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ናት፤ ታዲያ ወዴት ይርቃል? ስለዚህ ሰው ተኝቶ ሳለ ጄኔሬተር አይሠራም። የጋዝ ማስጠንቀቂያ የሌለው ጀልባ ላይም አይታደርም። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን አይጨመርም፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይጠራቀማልና፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ጋሼ ጄኔሬተሩን ለጎረቤቱ መልሶ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሰሌዳ ገጠመ። ለመብራትና ለአንዲት ማራገቢያ ይበቃል። ወበቁስ? ብዬ በስልክ ጠየቅሁት። «በላብ ተጠምቆ መንቃት፣ ሳይነቁ ከመቅረት ይሻላል» አለኝ።