ባቡር በመርከብ፣ ሰዋስው በባቡር

ከሮማ ጠዋት ተነሳሁ። ይህን ስጽፍ ወንድ ልሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። አጠገቤ ለተቀመጡት የመሲና ወይዘሮ ይህንኑ በጣልያንኛ ስነግራቸው ግን «ሶኖ ፓርቲታ» ማለት ግድ ሆነብኝ፤ ወንድ ብሆን ኖሮ «ፓርቲቶ» ነበር። መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ እንዲህ የተናጋሪውን ጾታ እያጋለጡ ነው የሚነገሩት። «በልቻለሁ» ግን ለወንድም ለሴትም «ኦ ማንጃቶ» ነው፤ ረዳት ግሡ «ነኝ» ሳይሆን «አለኝ» ነውና።

ወደ ሲሲሊ ደሴት መሻገሪያው ቪላ ሳን ጆቫኒ ላይ ባቡራችን ተቆራርጦ፣ ከነተሳፋሪው፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ገባ። የመሲናው መተላለፊያ በጠበበበት በኩል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ድልድይ ግን የለውም። ሰው ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ ወደ ቡና መሸጫው ተጋፋ። የሚፈለገው ተድቦልቡሎ በዘይት የተጠበሰው ሩዝ ነው፤ ውስጡ ሥጋ ወጥና አተር አለው፣ ሲነክሱት ምላስ ያቃጥላል። በመሲናና በካታኒያ ወንድ ነው፤ «አራንቺኖ» ይሉታል። ፓሌርሞ ላይ ሴት ናት፤ «አራንቺና»። እኛ እንጀራውም እንጀራዋም እንደ ስሜታችን እንላለን፣ የሚጣላን የለም። ሲሲሊ ውስጥ ግን በዚህች አንዲት ፊደል ቀልድ የሚመስል የምር ሙግት አለ።

ነፋሱ ድምፄን ሲወስድብኝ ወይዘሮዋ «ኬ ዲቼስቲ?» አሉኝ፤ ምን አልሽ? ገረመኝ። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ኀላፊ ጊዜ የሚያስተምሩት ዳንቴ በ1265 ተወለደ ለማለት፣ ማለትም ከዛሬ ጋር ለተቆራረጠ ነገር ነው። እኔ የተናገርኩት አሁን! ሚላኖ ቢሆን «ኬ አይ ዴቶ?» ነበር የሚባለው፤ ሰሜኖቹ ያንኛውን ለመጻሕፍት ትተውታል ማለት ይቻላል። ሲሲሊያውያን ግን ዛሬ ጠዋት የጠጡትን ቡናም በእሱ ያወሩታል። መለኪያቸው የቀኑ ርቀት ሳይሆን የጉዳዩ ማለቅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህ ሊደንቀው አይገባም ነበር፤ «በላሁ»ን ከ«በልቻለሁ» የሚለየው ሰዓት አይደለም። እንዲያውም እኛ እንብሳለን፤ ከጓዳ «መጣሁ!» የሚለው ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው።

ወይዘሮዋ ስልካቸውን አንስተው «አሪቫይ!» አሉ፤ ደረስኩ። መርከቡ ገና ገመድ አልጣለም። እኔ ለፓሌርሞ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀረኛል፤ እዚያ ስገዛ «ኡና አራንቺና» ነው የምለው።