ያላረምኩት ካርድ

የፈተና ማጥኛ ካርዶቹን የጻፍኳቸው ለራሴ ነበር። አሳልፌ ለሌላ ሰው ስሰጥ ይህ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ አላሰብኩበትም። አንዱ ጥፋቴ ይህ ነው። ሌላኛው ግን ካለማሰብ የመጣ አይደለም፤ እያወቅኩ ያደረግኩት ነው። የምናዘዘውም በዋናነት እሱን ነው።

ፈተናው ኤሲሲኤ የሚባለው የሒሳብ ባለሙያዎች ፈተና ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) እንዲያዘጋጁ ግዴታ ከመጣ ወዲህ፣ እኔ በማውቃቸው የፋይናንስ ክፍሎች ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ወይ እየተፈተነ ነው ወይ ለመመዝገብ ብር እያጠራቀመ ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ አንድ የፈተና ወረቀት ወድቆ መድገም ለደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ የተፈተነ ያውቀዋል።

እኔ ካርድ የጻፍኩለት ፋይናንሺያል ሪፖርቲንግ የሚባለው ወረቀት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አጫጭሮቹ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ይይዛሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ባለ 20 ነጥብ ረጃጅም ጥያቄዎች ይመጣሉ። ማለፊያው 50 ነው። የሚያስቸግረው ስሌቱ አይደለም። የደረጃዎቹ ብዛትና በእያንዳንዱ ደንብ ውስጥ ያሉት «ካልሆነ በቀር» የሚሉት ቃላት ናቸው ሰው የሚጥሉት።

ማኒላ ወረቀት ገዝቼ በመዳፍ ልክ እቆርጥ ነበር። ጥያቄውን በሰማያዊ፣ ከጀርባው መልሱን በቀይ ቢክ እጽፋለሁ። የጫማ ካርቶን ውስጥ በወፍራም ወረቀት ከፋፍዬ እደረድራቸዋለሁ፤ የመለስኩት ካርድ ወደ ኋላኛው ክፍል ያልፋል፣ የሳትኩት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ዘዴ ነው። የሚሠራበትም ምክንያት አለው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። እኔም በታክሲ ሰልፍ ላይ በላስቲክ የታሰረውን ጥቅል አውጥቼ ራሴን ስፈትን፣ መልሱን ሳላይ ለማስታወስ የምታገልባት ቅጽበት ከአንድ ምሽት ንባብ ይልቅ ትጠቅመኝ ነበር።

ከዚያ በላይ የጠቀመኝ ግን ካርዱን መጻፉ ነው። ለምሳሌ አንድ አዲስ ምርት ለማውጣት የሚወጣ የልማት ወጪ መቼ እንደ ሀብት እንደሚመዘገብ ከደረጃዎቹ አንዱ የሆነው አይኤኤስ 38 ስድስት መስፈርቶች ያስቀምጣል። መጀመሪያ ስድስቱንም አንድ ካርድ ላይ ደርድሬ ሸመደድኳቸው። በቃሌ ወጡልኝ። የመለማመጃ ጥያቄ ሲመጣ ግን የትኛው መስፈርት እንደጎደለ መለየት አቃተኝ። ካርዱን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ፦ «መድኃኒት እየሠራ ያለው ኩባንያ ሥራውን የሚጨርስበት ገንዘብ የለውም፤ ያወጣው ወጪ የት ይገባል?» ከጀርባው፦ «ወደ ትርፍና ኪሳራ። አቅም አንዱ መስፈርት ነው።» ያችን ጥያቄ ለመጻፍ ደንቡን መረዳት ነበረብኝ። ከተረዳሁት በኋላ ካርዱ ባይኖርም አልረሳውም ነበር።

ስለዚህ እውነተኛው ጥናት የተቀደደው ካርድ ላይ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። ታዲያ አንዲት ታናሽ የሥራ ባልደረባዬ ለዚያው ወረቀት ተመዝግባ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ካርዶችዎን ቢያውሱኝ? እኔ እስክጽፍ ጊዜው ያልቅብኛል» ስትለኝ፣ «ተቀመጪ፤ የመጀመሪያዎቹን አብረን እንጻፍ» ማለት ሲገባኝ ካርቶኑን እንዳለ አነሳሁና «ምን አደከመሽ፣ ሁሉም አለልሽ» አልኳት። ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በቢሮው ውስጥ ካርዶቼ ይወራላቸው ነበርና ደስም ብሎኛል። እሷ ግን እኔ ቀድጄ፣ ሰርዤ፣ ተጨቃጭቄ የደረስኩበትን ሳይሆን የተረፈውን ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው የወሰደችው።

ከካርዶቹ መሐል አንዱ እንዲህ ይል ነበር። በሰማያዊ፦ «ቋሚ ንብረት፤ ዲፕሪሲዬሽን መቼ ይጀምራል?» በቀይ፦ «ሥራ ሲጀምር።»

ስህተት ነው። አይኤኤስ 16 የሚለው ንብረቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ማለትም አስተዳደሩ ባሰበው መንገድ ለመሥራት የሚያስፈልገው ቦታና ሁኔታ ላይ ከደረሰ ጀምሮ። ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ዲፕሪሲዬሽኑ፣ ማለትም የእርጅና ቅናሹ፣ አይቆምም፤ ቅናሹ የሚሰላው በምርት መጠን ከሆነ ብቻ ምርት በሌለበት ጊዜ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ካርዱን የጻፍኩ ሌሊት ሙሉው ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ላይ ፊት ለፊቴ ነበር። ደክሞኝ አሳጠርኩት። «እኔ አውቀዋለሁ፣ ለማስታወሻ ይበቃኛል» ብዬ። ለራስ የተጻፈ ካርድ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ የጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለእሷ የደረሳት ወረቀቱ ላይ ያለው ግማሽ ነው።

ለእኔም ቢሆን የጭንቅላቱ ግማሽ አልቆየልኝም። ካርዱን ደጋግሜ በማየቴ ሁለቱ ቀይ ቃላት ደንቡን ተክተውት ኖረዋል። ይህንን ያወቅኩት በሥራ ላይ ነው። የምሠራበት ድርጅት ከውጭ ያስመጣው ማሽን ተተክሎና ተሞክሮ አልቆ፣ ለጥሬ ዕቃ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ባለመገኘቱ ወራት ቆመ። ዓመታዊ ሒሳቡን ስንዘጋ እኔ ለቆመበት ጊዜ ምንም ቅናሽ አልያዝኩም። የውጭ ኦዲተሩ ጥያቄ አነሳ። መልስ ለመስጠት ደንቡን ስከፍት አንቀጹ የሚለው ሌላ ነው። 24 ሚሊዮን ብር የወጣበትን፣ አሥር ዓመት ያገለግላል የተባለን ማሽን እናስብ፤ ስድስት ወር ያለ ሥራ ቢቆም የተረሳው ቅናሽ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። በትርፍ ላይ ያለአግባብ የተጨመረ 1.2 ሚሊዮን ብር።

የሒሳቡ ስህተት በማስተካከያ ምዝገባ ተቃና። ፊቴ እየጋለ ካርዱን አሰብኩት። ካርዱ እሷ ዘንድ ነው። ፈተናዋ ሳምንታት ቀርተውታል።

በስልኬ «አንድ ካርድ ላይ ስህተት አለ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት «መጽሐፉንም ታነበዋለች፣ አሁን ብነግራት ትደናገራለች» የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። አንዱ ካርድ ስህተት ከሆነ «ሌሎቹስ?» ትለኛለች፤ እኔም መልስ የለኝም። በዚያው ሳምንት ኦዲተሩ ያረመኝን ሰው ሁሉ ሰምቶ ነበርና በላዩ ላይ ሌላ ውርደት መጨመር አልፈለግኩም። ለስሜ ብዬ ዝም አልኩ። በየቀኑ ሰላም ትለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ካርዶቹ ጨርሰው ገብተውልኛል» ስትለኝ «ጎበዝ» አልኳት።

ውጤቱ ሲመጣ 47 አገኘች።

የዲፕሪሲዬሽኑ ጥያቄ ይምጣ አይምጣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ የፈተና ወረቀቱ ለተፈታኙ አይመለስም፤ የሚመጣው ነጥቡ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ለመጽናናት ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ጥፋቴ በእሷ ነጥብ አይለካም። 80 ብታመጣም ኖሮ እኔ ያወቅኩትን ስህተት በእጇ እንደያዘች ወደ ፈተና አዳራሽ ልኬያታለሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ውጤቷን በነገረችኝ ጊዜ ያለችው ነው፦ «ካርዶቹን በደንብ አልያዝኳቸውም መሰለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» እኔም «አይዞሽ፣ ወረቀቱ ከባድ ነው» አልኳት። ያኔ መናገር ይገባኝ ነበር፤ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር።

ቆይቶ ስለ ስህተቱ ነገርኳት፤ ግን አሁን ገና ያየሁት አስመስዬ። «ጋሼ፣ ምንም አይደል፣ ማንም ይሳሳታል» ብላ እሷው አጽናናችኝ። ግማሽ እውነት ተናግሬ ሙሉ ይቅርታ ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዋ ይከብደኛል።

ካርቶኑ ሲመለስልኝ ካርዶቹን አንድ በአንድ ከደረጃዎቹ ጋር አመሳከርኳቸው። ሌሎችም ተገኙ። የኪራይ ካርዱ «የአጭር ጊዜ ኪራይ፦ እስከ 12 ወር» ብሎ ያቆማል፤ ንብረቱን የመግዛት መብት ያለበት ውል በአይኤፍአርኤስ 16 መሠረት 12 ወርም ቢሆን የአጭር ጊዜ ተብሎ እንደማይያዝ አይናገርም። የዋስትናና የክስ መጠባበቂያ ካርዱ ከሦስቱ መስፈርቶች ሁለቱን ብቻ ይዟል፤ መጠኑ በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት አለበት የሚለው ቀርቷል። እነዚህንም ስጽፋቸው «አውቀዋለሁ» ብዬ ነው ያሳጠርኳቸው።

የተሳሳቱትንና የጎደሉትን ከትክክለኛው አንቀጽ ጋር ዘርዝሬ ጽፌያለሁ። ዝርዝሩን ከዚህ ኑዛዜ ጋር ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ማንም ሳያነበው እሷ ታነበዋለች። ስህተቱን ከፈተናው በፊት አውቅ እንደነበር የምታገኘው እዚህ ነው። የድጋሚውን ክፍያ እኔ ልክፈል እላታለሁ፤ እምቢ ማለት መብቷ ነው። ብትቆጣኝ፣ «ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» ብትለኝ፣ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ለስሜ ብዬ ነው እላታለሁ።