እግር በሚሊዮን፣ ሐዘን በሺህ

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ሐኪሞቹ ናቸው የገደሏት» የሚል ሹክሹክታ ያልሰማ ካለ ዕድለኛ ነው። ሹክሹክታው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ሁልጊዜም ሐሰት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ከሱ በኋላ የሚመጣው ነው። አንዱ «ክሰሱ እንጂ!» ይላል። ሌላው «ከሰሳችሁስ፣ እሷን ይመልስላችኋል?» ይላል። አንድ አዛውንት ደግሞ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ተዉት» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ተከሶ ቢረታ ምን ይገኛል፣ ለየትኛው ጉዳት ስንት ይከፈላል ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ነውር ስለሚመስል ነው መሰለኝ፤ በሙት ላይ ሒሳብ መሥራት። ዛሬ ነውሩን እኔ ልውሰደውና ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ ግን በአንድ ነገር እንስማማ። ታክሞ አለመዳን ብቻውን ካሳ አያስገኝም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሐኪም የሚገባው ግዴታ የተቻለውን ማድረግ ነው፤ አድናለሁ ብሎ በጽሑፍ ካልፈረመ በቀር ባለመዳናችሁ አይጠየቅም። እንዲህ ብሎ የሚፈርም ካገኛችሁ ደግሞ ጫማችሁን አጥብቃችሁ ሽሹ። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። በቁጥር 2031 እንደተደነገገው፣ ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቆ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ቁስል በጎበዝ ሐኪም እጅም ሊያመረቅዝ ይችላል። ሆድ ውስጥ ጨርቅ ረስቶ መስፋት ግን የሐኪሙ ጥፋት ነው።

እንግዲህ አንዲት ልብስ ሰፊ እናስብ። ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ጉዳቱን ግን ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ዕድሜዋ 40 ነው፤ መርካቶ አንድ በረንዳ ላይ ሲንጀሯን በእግሯ እየረገጠች ልጆች ታሳድጋለች። ትኩሳት ይዟት ክሊኒክ ገባች፤ መቀመጫዋ ላይ መርፌ ተወጋች። መርፌው መግባት ከነበረበት ቦታ ወረድ ብሎ ወደ እግር የሚሄደውን ትልቁን ነርቭ አገኘው። ከዚያች ቀን ወዲህ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አልታዘዝ አላት፤ ፔዳል መርገጥ ቀረ።

ካሳዋ በየፈርጁ ነው የሚታየው። ቀላሉ ያወጣችው ገንዘብ ነው። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ጣሪያ አላበጀለትም። የነርቭ ምርመራው፣ ፊዚዮቴራፒው፣ መድኃኒቱ፣ የእግር ድጋፉ፣ ለሕክምና የተመላለሰችበት ትራንስፖርት፣ ሁሉም ይጠየቃል። ሁሉም ግን ደረሰኝ ይፈልጋል። ወጌሻው ደረሰኝ አይሰጥም። ጠበል ያደረሳት ሚኒባስም አይሰጥም። ጎረቤት እየመጣች ያበሰለችላት፣ ልጆቿን ያጠበችላት ደግሞ ጭራሽ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው የለም፤ እኛም ለጎረቤት ውለታ ዋጋ መጻፍ ያሳፍረናል።

ትልቁ ፈርጅ የቀረባት ገቢ ነው፤ ያለፈውም የሚመጣውም። ቁጥር 2092 እንደሚለው መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል። እዚህ ላይ የሐኪሞች ቦርድ ይገባል። ቦርዱ መርምሮ «ቋሚ የአካል ጉዳት» ብሎ በመቶኛ ይጽፍላታል፤ ያቺ ቁጥር ከጠበቃው አንደበት ሁሉ ትበልጣለች። ልብስ ሰፊዋ በወር 15,000 ብር ታገኝ ነበር እንበል፤ ገና 20 ዓመት ትሠራ ነበር እንበል፤ የመሥራት አቅሟ በ60 ከመቶ ቀነሰ እንበል። 15,000 በ12፣ ያንን በ20፣ ከዚያ 60 ከመቶው፦ 2,160,000 ብር። ዳኛው ይህን እንዳለ ይቀበላል ማለት አይደለም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚገባ በመሆኑ ሊቀንሰው ይችላል። የተከሳሽ ጠበቃም «ሲንጀሩ ሞተር ይገጠምለትና በደህናው እግሯ ትሥራ» ቢል አይገርመኝም፤ መጥፎ ክርክርም አይደለም። ቢሆንም ወሬያችን ሚሊዮን ውስጥ ነው።

ግን 15,000ውን ማን ያየዋል? በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ወረቀት የለውም። ያለው የግብር ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ደግሞ፣ እንተዋወቃለን፣ ብዙዎቻችን ከኑሯችን ድሆች ነን። ለገቢዎች «በወር 4,000 ባገኝ ነው» ያለች ሴት ያንኑ ወረቀት ችሎት ላይ ስታየው ምን እንደምትል አላውቅም። ሕጉ በቁጥር 2102 አንድ መውጫ ትቷል፤ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኞች በርትዕ ይወስናሉ። ርትዕ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የዳኛው ርትዕ ሐሙስና ዓርብ አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁ የለም፤ ስለዚህ ከርትዑ በፊት ደረሰኙን፣ የዕድር መዝገቡን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የደንበኞቹን ምስክርነት ማሰባሰብ ይሻላል።

እግሯ ሳይሆን ሕይወቷ አልፎ ቢሆንስ? ያኔ ከሳሹ ሌላ ነው። ቁጥር 2095 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለተወላጆች በራሳቸው ስም የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ የሚጠይቁትም በሟች ምክንያት የሚጎድልባቸውን መተዳደሪያ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አገራችን ውስጥ ስንት ቤት የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የሩቅ ዘመድ ልጅ እንደሚያድግ እያወቅን፣ ይህ አጥር ለኛ ኑሮ ጠባብ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ፈርጅ መጣን፤ ሕሊና ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም፣ በሰው ፊት እያነከሱ መሄድ፣ እናትን ማጣት። ቁጥር 2113 ለአካል ጉዳተኛው፣ ሞቶም ከሆነ ለቤተሰቡ፣ ተገቢ የሕሊና ካሳ ዳኛው ሊፈርድ ይችላል ይላል። ጥሩ። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ 2116 ላይ ደግሞ ይህ ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል።

አዎ፣ አንድ ሺህ ብር። የዜሮ ስህተት የለበትም።

ያወጡትን ሰዎች አልወቅስም። ሕጉን የነደፉት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 10 ዶላርም አይሞላም። ብሩ ሲወርድ ቁጥሩ ባለበት ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋን ይህ ጣሪያ እምብዛም አይጎዳትም፤ ሚሊዮኑ ከገቢዋ መጥቶላታል። የሚጎዳው ገቢ የሌለውን ነው። በወሊድ ክፍል በቸልተኝነት የሞተ ሕፃን አስቡ። ሕክምናው አጭር ነበር፣ ስለዚህ የወጪ ደረሰኝ የለም። ሕፃኑ ማንንም አያስተዳድርም ነበር፣ ስለዚህ የቀረ መተዳደሪያ የለም። ሕጉን ብቻ ይዘን ከቆጠርን ለእናትየው የሚተርፋት 1,000 ብሩ ነው። ለዚያ ክስ ጠበቃ ማቆም፣ ቀጠሮ መመላለስ፣ የሙያ አስተያየት ማስመጣት ማን ይደፍራል? በኔ ግምት ብዙ የወሊድ ክፍል በደል ፍርድ ቤት የማይደርሰው እናቶቹ ስለተዉት አይደለም፤ የሚያገኙት ከሚያወጡት ስለሚያንስ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚተዳደሩበት የካሊፎርኒያ ሕግም እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ተመሳሳይ አጥር አጥሮ ነበር። ወጪና ገቢ ላይ ገደብ የለም፤ ለሕመምና ለሐዘን ግን ከ250,000 ዶላር አይበለጥም። ያ ቁጥር እስከ 2022 አልተነካም። እዚያ ጠበቃው ከፊት ገንዘብ አይቀበልም፤ ከረታ ነው ድርሻውን የሚወስደው። ስለዚህ ክሱን ከመያዙ በፊት ይመዝነዋል፤ ሲመዝን ደግሞ ገቢ የሌላቸው ሕፃናትና አዛውንት ቀለው ይገኙ ነበር። በመጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ ከጥር 2023 ጀምሮ ለተጎዳ ሰው 350,000፣ ለሞት 500,000 ዶላር ሆነ፤ በ10 ዓመት ውስጥም በየዓመቱ እየጨመረ 750,000 እና አንድ ሚሊዮን እንዲደርስ ተደረገ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ «በየዓመቱ እየጨመረ» የምትለዋን ነው የወደድኳት። እኛም ቢያንስ እሷን መበደር አያቅተንም ነበር።

አሜሪካኖቹ ካሳ የሚያስከፍል ብቻ ሳይሆን የሚቀጣ ክፍያም አላቸው፤ ጥፋቱ የከፋ ሲሆን ከጉዳቱ በላይ ያስከፍላሉ። በኛ ሕግ ካሳ ጉዳትን መሙያ ነው፤ ቅጣት ከፈለጋችሁ የወንጀል ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቁጥር 543 እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ያዝዛል። መቀጮው ለመንግሥት ነው የሚገባው፤ ለቤተሰቡ አይደለም። ቤተሰቡ ካሳውን ለዚያው የወንጀል ችሎት ማመልከት ይችላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ።

ስዊድን ያሉትን ግን እቀናባቸዋለሁ። እዚያ ሐኪሙ አጥፊ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ጉዳቱ ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ከታወቀ የታካሚዎች መድን ይከፍላል። ሐኪሙም ወንጀለኛ ላለመባል ሲል ካርድ አይደብቅም። ለሐኪምም ለታካሚም የሚሻለው ይህ ይመስለኛል።

እኛ ጋ እስከዚያ ድረስ ማን ይከፍላል? መርፌውን የወጋችው ነርስ በደመወዟ ሁለት ሚሊዮን ልትከፍል አትችልም፤ ልትከፍልም አይገባም። ቁጥር 2651 የጤና ተቋሙ በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለደረሰው ጉዳት ራሱ ኃላፊ ነው ይላል። የመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው በሥራው ላይ እያለ ላጠፋው መንግሥት ይጠየቃል፤ 2126 ነው ቁጥሩ። ክስ ሲጻፍ ተቋሙን ረስቶ ነርሷን ብቻ መክሰስ ረትቶ ባዶ እጅ መመለስ ነው። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቅ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተፈቀደ ነው፣ ልመና አይደለም።

ማስረጃው ላይ አንድ የሚመር ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሲሞትብን ሬሳ ቶሎ መቅበር እንወዳለን፤ የአስከሬን ምርመራ ሲነሳ «ደግሞ ሊቀዷት?» ብለን እንቆጣለን። ከሳምንት በኋላ ክስ ስናስብ የሞቱን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት የለንም። ሥነ ምግባሩን የሚመረምረው የጤና ባለሙያዎች ኮሚቴም ሆነ ፍርድ ቤቱ ያኔ የሚያየው ሆስፒታሉ ራሱ የጻፈውን ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ የካርዱን ቅጂ ወዲያው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቃል ይረሳል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳዩ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ በሱ ይቆጠራል። ከፍላችሁ የታከማችሁበት የግል ተቋም ከሆነ ውል ነበረን ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የውል ይርጋ በጠቅላላው 10 ዓመት ነው። ይህን ክርክር ተማምኖ መቀመጥን ግን ለጠላቴም አልመክርም።

ብዙ ጊዜ ሁለቱን ዓመት የሚበላው ሽምግልና ነው። ሽምግልናን አልጠላም፤ ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ከምትመላለስ በሦስት ወር ብትታረቅ ይሻላት ይሆናል፤ ደግሞም «አጥፍተናል» የሚለውን ቃል ከችሎት ይልቅ ሽማግሌ ፊት መስማት ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው እርቁ ሲፈረም ነው። በሕጋችን እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት 80,000 ብር ቆጥሮ፣ ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው፣ ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ተብሎ ከተፈረመ በኋላ ቦርዱ 60 ከመቶ ቢላት የምትመለስበት በር የለም። ቦርዱ ሳያያት አትፈርም። ወረቀቱ ላይ «ለወደፊት ለሚደርሰውም ጉዳት ጭምር» የሚል ካለ ደግሞ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና መጀመሪያ ለጠበቃ ታሳየው፤ ሽማግሎቹ አንድ ቀን ቢጠብቁ አይሞቱም።