የአረንጓዴው ስልክ ጣጣ

እናንተዬ፣ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው የጥንት ሳንቲም ይሰበስባል። የኔ ጣጣ የጠረጴዛ ስልክ ነው፤ ያውም ባለቀለሙ። «በሞባይል ዘመን?» አትበሉኝ፣ እቤት በየቀኑ የምሰማው ነው።

ጥቁሩን ሁሉም ያውቀዋል። ያ ከባዱ ባክላይት ነው፤ ባክላይት ደግሞ ቀለም እንደልብ አይቀበልም፣ ጥቁርና ቡናማ ይወዳል። ቀይና አረንጓዴው በየቤቱ መግባት የጀመረው አዲሶቹ ፕላስቲኮች ከመጡ ወዲህ ነው። የአሜሪካኑ ዌስተርን ኤሌክትሪክ «500» የተባለውን ሞዴሉን በየቀለሙ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የስዊድኑ ኤሪክሰን «ዲያሎግ» የ1960ዎቹ ልጅ ነው።

ምናለሽ ተራ ሁለት ጊዜ ተሸውጄ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስልኩን ገልብጡት፤ ሥሩ ላይ የፋብሪካው ስም፣ አንዳንዴም ዘመኑ አለ። ከዚያ ክዳኑን ፈታችሁ ውስጡን እዩ። ውጪው ቀይ ሆኖ ውስጡ ጥቁር ከሆነ ቀለም ቀቢ ነው የሸጠላችሁ። ፀሐይ የመታው ክሬም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፤ እውነተኛ መልኩን የሚነግራችሁ ውስጡ ነው። ዜሮዋንም ፈልጓት። እኛ ጋ ዜሮ ከ9 ቀጥላ ናት፤ ለስዊድን አገር በተሠራው ግን ከ1 በፊት ትመጣለች። ያንን ስልክ እኛ መስመር ላይ ሰክታችሁ 1ን ብታዞሩ የሚደወለው 2 ነው!

በቀደም ለሥራ ሚዛን ተፈሪ ወርጄ፣ ቡና የተጠራሁበት ቤት ቡፌው ላይ አንድ አረንጓዴ ዲያሎግ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ልቤ ቀጥ አለ። መስመሩ ከተቆረጠ ዓመታት ሆኖታል። አስፈቅጄ ፈታሁት (መፍቻ ከኪሴ አይጠፋም፣ አትሳቁ)፤ ውስጡም ውጪውም አረንጓዴ። ከሁሉ በላይ የመደወያው መሐል ላይ የምትቀመጠው የቁጥር ወረቀት በቦታዋ ናት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፋ። እሷ ብዙ ጊዜ የምትጠፋ ናት፤ ካለች ሰብሳቢ ይሳሳላታል። የቤቱ እመቤት፣ እማማ፣ ዝም አሉ። «ምን ያደርግልናል?» ብሎ 2,000 ብር የተቀበለኝ ልጃቸው ነው። ዝምታቸውን አይቼዋለሁ። ያላየሁ መሰልኩ።

በሸኮ በኩል ቴፒ ገብቼ፣ ማታ አልጋ ቤት ውስጥ ስልኩን በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ሞባይሌ ጮኸ። ቁጥሬን ለልጃቸው ሰጥቼው ነበር።

«ልጄ፣ ስልኩን መልስ አላልኩህም። ያቺ ወረቀት ግን የሱ እጅ ጽሑፍ ናት። ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አልተወልኝም።»

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ያሰብኩት ኮፒ አድርጌ ኮፒዋን ልላክላቸው ብዬ ነው። ከዚያ የባሰው መጣ፤ አስመስዬ ጽፌ ብሰጣቸውስ፣ በምን ያውቃሉ? እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ወደ ሚዛን ተመለስኩ። ስልኩን እንዳለ ላስረክብ ብል «የተሸጠ ዕቃ አልመልስም፣ ልጄን አታሳፍርብኝ» አሉ። የመደወያውን ክዳን እሳቸው ፊት ፈታሁ። ወረቀቷ ሳትቀደድ ወጣች። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ቡናውን እስከ በረካው አስጠጡኝ፤ ስለሟቹ አንድ ቃል አልተነሳም።

አሁን አረንጓዴው መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ መሐሉ ባዶ። የሚያውቁ ሰብሳቢዎች «ቁጥሩስ?» ይሉኛል። በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን አልነግራቸውም።