የተከራይ ፓርኪንግ

እኛ የወገዳ ልጆች ስናድግ የምናውቀው ፓርኪንግ የአህያ ነበር። ከስማዳ ገጠር ለገበያ የመጣ ሰው አህያውን ዘመድ ግቢ አስሮ ይሄዳል፤ ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ለሥራ አዲስ አበባ መጥተን፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን፣ ተዋጥተን የገዛናትን አሮጌ ቪትዝ ስናቆም ግን የግቢው ኮሚቴ “ባለቤት በወር 200፣ ተከራይ 600 ብር” አለን። ለምን? “ተከራይ ናችሁዋ!”

እናላችሁ፣ ሕጉን አገላበጥን። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤቱ ውጪ ያለውን የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ያደርገዋል፤ የማኅበሩ አባልም ባለቤቱ ነው። ስለዚህ አከራያችንን ይዘን ሄድንና ሁለት ነገር ጠየቅን፦ ክፍያው የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤና የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ። ቃለ ጉባኤው ሳምንት ሙሉ ተፈልጎ ታጣ። አሁን እንደ ጎረቤቶቻችን 200 ብር እንከፍላለን፤ በደረሰኝ።

ጥበቃው ብርድ ላይ ቆሞ ያድራልና መክፈሉን አልጠላነውም። እምቢ ያልነው ተከራይ በመሆናችን ብቻ የተጫነብንን 400 ብር ነው። ወዳጆቻችን፣ እናንተም ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት “የት ተወሰነ?” ብላችሁ ጠይቁ።