ጅግራዋ

ክረምቱን ለዕረፍት ጎሬ ስንገባ፣ አክስታችን ዶሮ አስታቅፋ በ28 ቀናቸው ያስፈለፈለቻቸው አሥር ጅግሮች አድገው ጓሮውን ሞልተውት ነበር። ጅግራ ማታ ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው፤ የእኛዎቹም ዋንዛው ላይ። ታዲያ ሸለምጥማጥን ዛፍ እንዳይወጣ ማን ይከለክለዋል? በሁለት ሌሊት አራቱን ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዷን ክንፏ ተዘንጥሎ ቡናው ሥር አገኘናት።

አርደን ልንበላት ነበር፤ አንደብቅም። አክስታችን ግን፣ «እናንተ ልጆች፣ ነፍስ ላላት ምን አስቸኮላችሁ?» አለችን። አፈርን። መቱ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ዝናብ ጅግራ ታቅፎ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ የለም። ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥበን ማር ቀባናት።

ቁስሉ ደረቀ፤ እሷ ግን ለብቻዋ እህል አልቀምስም አለች። እንዳንቀላቅላት ደግሞ ጅግሮች የቆሰለውን ይወቅራሉ። በመጨረሻ ቅርጫት ደፍተንባት ከመንጋው መሐል አስቀመጥናት። በማግሥቱ በቆሎዋን ለቀመች!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅርጫቱን ስናነሣ ሮጣ ተቀላቀለች። ማታ ግን ክንፏ ዋንዛው ላይ አላደርስ አላት። ምን ይደረግ? ቆጥ ያለው፣ በሩ የሚቆለፍ ቤት ሠራን፤ አመሻሽ ላይ በቆሎ እየበተንን ሁሉንም አስገባናቸው። ከዚያ ወዲህ ሸለምጥማጡ አንድም አልወሰደ። ለአንዲት ቁስለኛ ብለን በሠራነው ቤት የዳኑት ሁሉም ናቸው።