ባሌስትራን ስለ መቀባት

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚሄድ መኪና በቦርደዴ ቆላ ያልፋል። በዚያ አገር በበጋ ፀሐይና አቧራ ይበረታሉ፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ደግሞ ያው አቧራ ጭቃ ይሆናል። ከሚኤሶ ወዲያ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራራ መውጣት ይጀምርና ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ወደ ሆነችው፣ ዛሬ ጭሮ ወደምትባለው ከተማ ይደርሳል። ይህን መንገድ ጭነት ይዞ ለሚመላለስ ፒክአፕ የሞተር ብርታት ብቻ አይበቃውም፤ ሸክሙን ሁሉ በጀርባው የሚችለው ባሌስትራው ነውና።

ባሌስትራን ብዙ ሰው ያያል እንጂ አያስተውልም። ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች ርዝመታቸው እየቀነሰ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ያገኛል። ስሙ ጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ባሌስትራ ማለት ፍላጻ የሚወረውር የጥንት የጦር መሣሪያ ነው። ስሙም ይገባዋል፤ ብረቱ እንደ ደጋን ጎብጦ ሸክም ሲመጣበት ይዘረጋል፣ ሸክሙ ሲወርድለት ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል። አውቶሞቢል ሳይሠራ በፊት ፈረስ የሚስበው ሠረገላ በዚሁ ብልሃት ይሄድ ነበር። የቶዮታ ኩባንያ ሂሉክስ የተባለውን ፒክአፕ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ሠርቶ ባወጣ ጊዜም ለኋላው ያደረገለት ይህንኑ ነው።

ከብረቶቹ ሁሉ የበላይ የሆነው ረጅሙ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀለበት ተጠምዝዘው ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ይያያዛሉ። ሌሎቹ ይረዱታል እንጂ አይተኩትም፤ እርሱ ከተሰበረ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ከስፍራው ይንሸራተታል፣ መኪናውም ሾፌሩ ወዳላሰበው ጎን ይዞራል። ይህ በሜዳ ቢሆን ድንጋጤ ነው፤ በቁልቁለት ቢሆን ግን ሞት ነው።

የባሌስትራ ጠላት ዝገት ነው። በብረቶቹ መካከል የገባ አቧራ ውሃ ጠጥቶ ይቀመጣል፤ ላዩ በፀሐይ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ እንደ ሆነ ይቈያል። ዝገቱም ብረቱን እየበላ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቈፍርበታል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጉድጓድ ነው። ይልቁንም በላይኛው ፊት ይበረታል፤ ሸክም በተጫነ ጊዜ የሚለጠጠው ያ ፊት ነውና። አንዳንድ ሰዎች ይህን ፈርተው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈሱበታል። ነገሩ ለጥቂት ቀን ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘይቱ አቧራን ይስባል፣ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ብረትን እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ጭነቱን ያወርዳል፤ መኪናውንም በክሪክ ካነሣ በኋላ በጽኑ ድጋፍ ላይ ያሳርፈዋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ድፍረት እንጂ ሙያ አይደለም። ብረቶቹን ሳይፈታ ቅደም ተከተላቸውንና የፊትና የኋላቸውን አቅጣጫ በጠመኔ ምልክት ያደርግባቸዋል። የመካከሉን ብሎን ከመፍታቱ በፊት ብረቶቹን በሞርሳ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ተጨንቀው ይኖሩ ነበርና ድንገት ቢለቀቁ ተፈናጥረው ጣት ይሰብራሉ። ከዚያም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ይፍቃል። እሳት ግን ከቶ አያስጠጋም፤ ባሌስትራ ጥንካሬውንና መለጠጡን ያገኘው በፋብሪካ በተሰጠው የሙቀት ልክ ስለ ሆነ፣ እሳት ያንን ያጠፋበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይመጣል። ብረቱ በላምባ ይታጠብና ጥቂት ይቈያል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ያለበት እንደ ሆነ ውስጡ ተሸሽጎ የቀረው ላምባ ቀስ ብሎ ይወጣና በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በውጭ አገር የባቡር ሠራተኞች የመንኮራኩር ዘንጎችን በዚህ ዓይነት ይመረምሩ ነበር። ላምባና ጠመኔ ደግሞ በቦርደዴም የማይጠፉ ዕቃዎች ናቸው።

አንባቢ እንዲህ ያለውን ነገር ያስብ። አንድ ወጣት መካኒክ የአንድን አሮጌ ፒክአፕ ባሌስትራ አጽድቶ ሊቀባ ተዋዋለ። ባለቤቱ መኪናውን ሊሸጠው ነው፤ ገዢውም ከጨርጨር ደጋ ጫትና ሰው ሊያመላልስበት አስቧል። ወጣቱ ጠመኔውን በነሰነሰ ጊዜ በዋናው ብረት ላይ፣ ከመካከሉ ቀዳዳ አጠገብ፣ መስመሩ ወጣ። ባለቤቱን ጠርቶ አሳየው።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ፀጉር የሚያህል ነገር ነው። ጥቁር ቀለም ቀባበትና ዝጋው፤ ሰውየው ነገ ጧት ይመጣል» አለው።

«ጋሼ፣ ፀጉር የሚያህለው ዛሬ ነው። ሰው ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የት እንደሚደርስ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

«አንተ ያልቀባኸውን ሌላ ሰው ይቀባዋል።»

«ይቀባዋል ጋሼ። እኔ ግን አልቀባውም፤ የደከምኩበትንም ዋጋ ይተዉት።»

ወጣቱ ለዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ቤተ ሰቡም የሚጠብቀው እርሱን ነው። ቢሆንም ብሩሹን በቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ፤ ጠመኔውንም ከብረቱ ላይ ሳይጠርግ ደጃፉ ላይ ተወው። ባለቤቱ ተቈጥቶ ወጣ፤ ጥቂትም ርቆ ሄደ። ተመልሶ መጥቶ ጎንበስ አለና መስመሩን በጣቱ ነካው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። በኋላም «የሌላ ብረት ዋጋው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ።

የተሰነጠቀው ብረት በብየዳ አይጠገንም፤ የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን ብረት ያዳክመዋልና። ነገር ግን አይጣልም። ኦሮሞዎች ቱምቱ የሚሉት ቀጥቃጭ ቈራርጦ ቢላዋ ያወጣበታል፤ ለስለት ከአሮጌ ባሌስትራ የሚሻል ብረት በገበያ በቀላሉ አይገኝም።

የቀሩት ብረቶች ግን ይቀባሉ። አስቀድሞ አንቲረስት የሚሉት ዝገት ተከላካይ ቀለም በስሱ ይደረጋል። ብረት ከብረት ጋር በሚነካካበት ፊት ከዚህ የወፈረ ቀለም አያስፈልግም፤ ወፍራም ቀለም በሸክም ተጨፍልቆ ሲያልቅ ብረቶቹ ይላላሉ። ከውጭ ግን ሁለት ጊዜ ቢቀባ መልካም ነው፤ ሁለተኛው የሚደረገው የመጀመሪያው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። በጫፎቹ ቀለበት ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ቤንዚን እንዳይነካቸው መጠበቅ ያሻል።

ሁሉ ወደ ስፍራው ሲመለስ የጫፎቹ ብሎኖች ተጨርሰው የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ጥቂት ቀን ከተጓዘ በኋላም ብረቶቹ ይቀማመጣሉና፣ መካኒኩ እንደ ገና በሥሩ ገብቶ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ያጠብቃቸዋል።